ጳጉሜን የተሻረችበት የአሶሳ ጉባኤ

በሁለት ሺህ ዐሥራ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ የቢሮው ማተሚያ ማሽን ቀለም ካለቀበት በሦስተኛው ዓመት፣ ባለ ሰፊ ስክሪኑ ላፕቶፕ በነገሠ በስምንተኛው ወር፣ ኅዳር በባተ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ከቢቸና የፈለቁት፣ በጳጉሜን አራት ቀን ዶፍ ሲወርድ የተወለዱት፣ በምደባ ወደ አሶሳ የወረዱት፣ ኃያሉና ጠቢቡ፣ ሥዩመ ሰንጠረዥ፣ ዐቃቤ ፓስወርድ፣ ግርማቸው ከግራፋቸው ቀድሞ የሚታየው አቶ ምንያህል ደባልቄ፣ የአሶሳን የዳታ ትንተና ሶፍትዌር ተጠቃሚዎች ማኅበር ለመጀመሪያ ጊዜ ለጉባኤ ጠሩ።

የጉባኤውም ምክንያት ይህ ነበር። በዚያ ቀን የማኅበሩ ሰብሳቢ ይመረጣል፤ የተመረጠውም በአውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ ወጥቶ በታላቁ የተጠቃሚዎች ስብሰባ ላይ ይቀመጣል፣ የሶፍትዌሩ ስም በደረቱ ላይ የተጻፈበትን ቲሸርትም ይለብሳል። አቶ ምንያህል ይህን ቲሸርት በፎቶ ካዩበት ቀን ጀምሮ እህል አልጣፈጣቸውም። እውነቱን እንናገር ካልን፣ የክልሉ ዳታ ከዚያ በፊት እንዲህ አስጨንቋቸው አያውቅም። ከሰው ሁሉ የሚፈሩትም አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ሙዳሲር ይባላል፣ የአሶሳ ተወላጅ የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ ዝምተኛ፣ ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ሶፍትዌሩን የሚችል ነበር።

ወእምዝ በቴሌግራም እንዲህ የሚል አዋጅ ወጣ፦ «ሰንጠረዥ የምትሠራ፣ ግራፍ የምትስል፣ የሌላውን ፋይል ኮፒ የምታደርግ ሁሉ ስማ። ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት በአዳራሹ ተገኝ። ላፕቶፕህን ሞልተህ ና፤ ቻርጀር የሚለምን አይምጣ። ሻይና ብስኩት አለ።» ይህ የመጨረሻው ቃል የብዙዎችን ልብ ለሳይንስ አነሣሣ።

የተከተሏቸውም እነዚህ ነበሩ፦ ዐቃቤ ኤክስቴንሽን ሙርሳል፣ ገመዱን በትከሻው የጠመጠመ፣ ሶኬት በተገኘ ቁጥር አስቀድሞ የራሱን ስልክ የሚሰካ፤ ሊቀ ሆትስፖት ሀዊ፣ ከባምባሲ በማለዳ ሚኒባስ የደረሰች፣ ኢንተርኔቷን ለወደደችው ብቻ የምትከፍት፤ ከቶንጎ የመጡ ሁለት ባለሙያዎች፣ ስለ ሶፍትዌሩ ሰምተው የማያውቁ፣ ከስብሰባ ግን ቀርተው የማያውቁ። የግልገል በለስ ልዑካን የመንገዱን ርዝመት አስበው በቴሌግራም የአውራ ጣት ምልክት ልከው ቀሩ፤ ያም እንደ መገኘት ተቆጠረላቸው። በስተኋላም፣ ነፋስ በሚገባበት በር አጠገብ፣ የጤና መረጃ ባለሙያዋ ኢኽላስ የወሊድ ፈቃዷን ሳትጨርስ፣ ሕፃኑን ልጇን ዓብዱልላጢፍን አዝላ ተቀመጠች።

አስቀድሞ ፕሮጀክተሩ ዐመፀ፣ ሥዕሉንም በግድግዳው ላይ ዘቅዝቆ አሳየ። ሙርሳልም ፕሮጀክተሩን ራሱን ዘቅዝቆ በብስኩቱ ካርቶን ላይ አስቀመጠውና ሥዕሉ ቀና፤ ይህም የዕለቱ የመጀመሪያ ድል ሆኖ ተጻፈ። እኛ እንደምናውቀው የመጨረሻውም እርሱ ነው።

ከዚያም አቶ ምንያህል ጉሮሯቸውን ጠርገው በክልሉ ጤና ተቋማት ያለፈው ዓመት የወሊድ ቁጥር በየወሩ የተሳለበትን ግራፍ ገለጡ። ከመስከረም እስከ ነሐሴ ያሉት ዓምዶች በየቀለማቸው ቆመዋል፤ በጳጉሜን ስፍራ ግን ባዶ ነበር። የባዶነቱም ታሪክ እንዲህ ነው። ሶፍትዌሩ የፈረንጆቹን ዐሥራ ሁለት ወር እንጂ ሌላ አያውቅም፤ አቶ ምንያህል ግን የኛን ቀን እንዳለ አስገቡ፣ የወሮቹንም ስም በእጃቸው ለጠፉ። ዐሥራ ሦስተኛው ወር ሲደርስ ሶፍትዌሩ ደንግጦ ቀይ ማስጠንቀቂያ አወጣ። እሳቸውም ማስጠንቀቂያ ማንበብ የበታች ሠራተኞች ሥራ ነውና፣ ሳያነቡ «እሺ» የሚለውን ተጭነው አለፉ።

ባዶውን ስፍራ ባዩ ጊዜም አላፈሩም፤ ግኝት ነው ብለው ደስ አላቸው እንጂ። ሌዘራቸውንም ወደ ግድግዳው አቅንተው እንዲህ አወጁ፦ «በክልላችን እናቶች በጳጉሜን አይወልዱም። ዳታው ተናግሯል። ስለዚህ በመጪው ጳጉሜን የማዋለጃ ክፍል ሠራተኞች በሙሉ የዓመት ፈቃድ ይውጡ ብለን ለቢሮው ምክረ ሐሳብ እናቀርባለን።» ጉባኤውም አጨበጨበ። ከቶንጎ የመጡት ቆመው አጨበጨቡ።

በጭብጨባው ዓብዱልላጢፍ ከእንቅልፉ ነቅቶ አለቀሰ። ኢኽላስም ተነሣችና፣ ልጇን ከጀርባዋ ወደ ደረቷ አዙራ፣ የራሷን አዋጅ ነገረች፦ «እኔም ላውጅ። ወላሂ ይሄን ልጅ የወለድኩት ጳጉሜን ሦስት ነው፤ እዚሁ አሶሳ፣ ዝናብ እየወረደ። ባጃጅ የጠራልኝ ሙርሳል ነው፣ ይኸው ተቀምጧል። በሉ ልጄን ከግራፉ ውስጥ ፈልጉልኝ። በመጪው ጳጉሜን ምጥ የሚይዛትስ ማንን ትጥራ?» ሙርሳል ይህን ሲሰማ የኤክስቴንሽኑን ገመድ አጥብቆ መረመረ።

ያን ጊዜ ሙዳሲር ሳይቸኩል ቆመና አጭር አዋጅ አወጀ፦ «ቀኑን ወደ ፈረንጅ ቀይረን ድጋሚ እናስገባው። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል።» ጉባኤውም ወደ እርሱ ዞሮ ማየት ጀመረ። አቶ ምንያህል በዚያች ቅጽበት ቲሸርቱ በሙዳሲር ደረት ላይ ታያቸው፣ ልኩም የእርሱ መሰላቸው። እንዲህ ያለ ጭንቅ የደረሰበት ሰው ወይ ስህተቱን ያምናል፣ ወይ ሕግ ያወጣል። እሳቸው ሕግ አወጡ።

አዋጁም ይህ ነው፦ «ስህተቱ የዳታው አይደለም፣ የወሩ ነው። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ማኅበር ዘንድ ጳጉሜን ተሽራለች። በጳጉሜን የተወለደ እንዳልተወለደ ይቆጠር፤ መወለድ የሚሻ መስከረምን ይጠብቅ። ይህ ሳይጸድቅ ሻይ አይቀዳም።»

ሻዩ በቴርሞስ፣ ብስኩቱም በፕሮጀክተሩ ሥር ነበርና፣ እጆች ሁሉ ወጡ። ከቶንጎ የመጡት ሁለት ሁለት እጅ አወጡ። ሙዳሲር ድምፀ ተዓቅቦ አደረገ። ኢኽላስ ብቻዋን ተቃወመች፤ ልጇ ግን ያልተወለደ ነውና ጩኸቱ በቃለ ጉባኤ አልገባም። በዚያው እጅ፣ እጆቹ ሳይወርዱ፣ አቶ ምንያህል ሰብሳቢ ሆነው ተመረጡ። ደስታቸውም ታላቅ ነበር፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ወእምዝ ሊቀ ሆትስፖት ሀዊ ኢንተርኔቷን ከፍታ ሰብሳቢውን ለአዲስ አበባው ስብሰባ ልትመዘግብ ተቀመጠች፤ ስማቸውን ጻፈች፣ ስልካቸውን ጻፈች፣ የትውልድ ቀናቸውንም ጠየቀች። አቶ ምንያህል አስቀድማ የቲሸርቱን ልክ እንድትጽፍ አዘዙ። ሀዊም ደግማ ጠየቀች፣ ጉባኤውም ብስኩቱን ማኘክ አቆመ፣ እሳቸውም አጠገባቸው ያለው ሙርሳል እንኳ ለመስማት ባስቸገረው ድምፅ ጳጉሜን አራት መሆኑን ገለጡ።

ከበሩ አጠገብም የዕለቱ የመጨረሻ አዋጅ ተሰማ፤ አዋጅ ነጋሪዋ ኢኽላስ ነበረች፦ «እንግዲህ ጋሼ፣ መስከረምን ይጠብቁ።»

ሕግ ሕግ ነው። ያልተወለደ ሰው በአውሮፕላን አይሳፈርምና፣ ጉዞው ለሙዳሲር ሆነ፤ ቲሸርቱም በልኩ ነበር። ሙዳሲር ከመነሣቱ በፊት ቀኖቹን ቀይሮ አስገባ፣ ዓምዶቹንም በኛ ወሮች ከፈለ፣ ዓብዱልላጢፍም በግራፉ ላይ ከብዙ የጳጉሜን ልጆች ጋር በቀጭን ዓምድ ቆመ። አዋጁ ግን የሚሽር ሰብሳቢ አላገኘምና እስከ ዛሬ አልተሻረም።

እኛም ጸሐፊዎቹ በሕጉ መሠረት፣ በዚህ ዜና መጀመሪያ «በጳጉሜን አራት ቀን ዶፍ ሲወርድ የተወለዱት» ብለን የጻፍነውን ቃል እንዳልተጻፈ ቆጥረነዋል። ምስጋና ለአቶ ምንያህል ይሁን፣ ለሥዩመ ሰንጠረዥ፣ ለሻሬ ወርኅ፣ ራሳቸው ባወጁት ሕግ ለታሰሩ ብቸኛ ባለሥልጣን። ከእሳቸው በፊት የነበሩ ኃያላን ተወልደው፣ አድገው፣ ተሹመው ነው ወገናቸውን ያስጨነቁት። እሳቸው ይህን ሁሉ ያደረጉት ገና ሳይወለዱ ነው።