ለአዲሱ ሥራዬ የተላኩ ሽማግሌዎች

አንዳንድ ሥራ ስሙ ከተጠራ በቃ፣ ማብራሪያ አይጠይቅም። «ሐኪም ነው» ስትሉ ሰው ወዲያው የሚያመውን ቦታ ያሳያችኋል። «ሾፌር ነው» ካላችሁ መቼ እንደሚነሣና ትርፍ ወንበር እንዳለው ይጠይቃችኋል። «ባንክ ነው የሚሠራው» የተባለ እንደሆነማ፣ ያላገባች ልጅ ያላቸው አባቶች ፈቅ ብለው ከአጠገባቸው ቦታ ይለቁለታል። እኔ ደብረ ታቦር ላይ ይህን ክብር ለዓመታት አጣጥሜዋለሁ። ክራባቴን አስሬ፣ ከጉና ተራራ የሚወርደውን የጧት ብርድ በኮቴ እየመከትኩ ወደ ባንኩ ፋይናንስ ክፍል ስገባ፣ እንኳን ሰው መንገድ ላይ የተኛው ውሻ ራሱ ብድግ የሚልልኝ ይመስለኝ ነበር።

ታዲያ ምን ነካኝ? እንዲህ ነው የነካኝ። ፋይናንስ ያለፈውን ነው የሚጠይቃችሁ። ያለፈው ወር ምን ገባ፣ ያለፈው ዓመት ምን ወጣ? መልሱን አሳምራችሁ ታቀርባላችሁ፣ አለቆች ተቀብለው ይሰበሰባሉ፣ በሩም ይዘጋል። ከበሩ ማዶ ስለሚመጣው ዓመት ይነጋገራሉ፤ እናንተ ከበሩ ወዲህ ናችሁ። እኔ ደግሞ ከበሩ ማዶ ምን እንደሚባል ለማወቅ አንጀቴ አረረ። ስለዚህ ማታ ማታ በኢንተርኔት ተማርኩ፣ መብራትና ኔትወርክ በተገጣጠሙ ቁጥር ተፈተንኩ፣ በመጨረሻ ናይሮቢ ያለ አንድ አማካሪ ድርጅት የስትራቴጂ አማካሪ አድርጎ ቀጠረኝ። ኢሜይሉ የደረሰኝ ቢሮ ውስጥ፣ በሥራ ባልደረቦቼ መካከል ተቀምጬ ነው። እንደ ጨዋ ሰው ቀስ ብዬ ተነሣሁ፣ ወደ መጸዳጃ ቤት ሄድኩ፣ በሩን ቆለፍኩና ዘለልኩ። ደጋግሜ ዘለልኩ። ስወጣ ተራ ሲጠብቅ የነበረው የጥበቃ ሠራተኛ በሐዘኔታ አይቶኝ ሆዴ ደህና መሆኑን ጠየቀኝ።

መጀመሪያ የነገርኩት ለእጮኛዬ ለውባለም ነው። ውባለም ሐሙሲት ላይ ነርስ ናት። ስልኩ ውስጥ እልል አለችብኝ። በዚያው ቀን ኢትዮጵያዊት ነርስ ኬንያ ውስጥ ለመሥራት ምን እንደሚያስፈልጋት ስታጣራ ዋለች። እንግዲህ ይቺን ልጅ ማን አይወዳትም? ሠርጋችን ለጥር ተቆርጧል፣ ከሠርጉ በኋላ አብረን እንሄዳለን፣ ሁሉም ነገር እንደ ቅቤ ለስልሶ ተቀምጧል። አንድ ነገር ብቻ ቀረ። «አባዬስ?» አለችኝ።

አባቷ አያ ይርጋ የሐሙሲት እህል ነጋዴ ናቸው። ብዙ የማይናገሩ፣ ሲናገሩም ሰው የሚያስነሡ። ባለፈው ዓመት ሽማግሌ ልኬ ልጃቸውን ስጠይቅ የፈቀዱት ለእኔ ነው ወይስ ለባንኩ? ይህን ጥያቄ ደፍሬ ጠይቄ አላውቅም። አሁን ግን እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ የባንክ ፋይናንስ የሚሠራ ጎልማሳ፣ ማንም ሳያባርረው ድንገት ሥራውን ለቆ፣ ድንበር ተሻግሮ ሊሄድ ነው ቢሏችሁ ምን ታስባላችሁ? እኔ ራሴ ብሰማ ለፖሊስ ነበር የምደውለው።

ሄጄ ልንገራቸው አልኩ። ውባለም ደግሞ የለም፣ አንተ ስትደሰት ቶሎ ቶሎ ስለምታወራ የሸሸህ ትመስላለህ አለችኝ። ስለዚህ ልጂቱን የጠየቁልኝ ሽማግሌዎች ሥራውንም እንዲያስረዱልኝ ተወሰነ። በደቡብ ጎንደር ታሪክ ለሚስት ብቻ ሳይሆን ለሥራ መደብም ሽማግሌ የላከ የመጀመሪያው ሰው ሳልሆን አልቀርም።

ሦስት ናቸው። አጎቴ አያ ስማቸው፣ ጎረቤታችን የጨርቅ ነጋዴው ሐጂ እንድሪስ፣ አፈ ጉባኤያቸው ደግሞ መሪጌታ ጥበቡ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ አጎቴ ቤት ሰበሰብኳቸውና ሥልጠና ሰጠኋቸው። አንድ ትልቅ ድርጅት የሚሄድበት ሲጠፋው ጠርቶ ያማክረናል አልኳቸው። መሪጌታ ሰውየው ስለ ገዛ ድርጅቱ አያውቅም ማለት ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ያውቃል አልኩ። ታዲያ ምን ያደርግላችኋል? የሚያውቀውን ነገር ከውጭ ሰው አፍ ሲሰማው ልቡ ይቆርጣል አልኳቸው። ሦስቱም ተያዩና በቃ ገብቶናል አሉ። ይህን ያህል ቶሎ የገባቸው መሆኑ አሳሰበኝ።

ቅዳሜ ወረታ ላይ ሚኒባስ ቀይረን ሐሙሲት ገባን። እነሱ ወደ አያ ይርጋ ቤት ዘለቁ፤ እኔ መነኻሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ቁጭ አልኩ። ሻይ አዘዝኩ እንጂ አልጠጣሁትም። ውባለም እልፍኝ ሆና፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ የምትሰማውን በስልክ እየጻፈች ትልክልኛለች። የእግር ኳስ ጨዋታ በዚህ መልክ ተከታትላችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ነው፤ ልዩነቱ የሚያሸንፈው ቡድን ሚስት ማግኘቱ ነው።

«ተቀመጡ ቢባሉ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ቆመዋል» ይላል የመጀመሪያው። ቀጠለች፦ «አባዬ ፊቱ ጠቁሯል። ሠርጉን ሊያፈርሱ የመጡ መስሎታል።» ይህን ደግሞ አላሰብኩትም ነበርና ወንበሬ ላይ ተቁነጠነጥኩ። ቀጥሎ፦ «ተቀመጡ። መሪጌታ ጀምረዋል።» ቀጥሎ፦ «ዮሴፍ ጋ ደርሰዋል።»

ዮሴፍ! ስለ ዮሴፍ እኔ አላሠለጠንኳቸውም። ለካ መሪጌታ፣ ባዕድ አገር ገብቶ፣ ለፈርዖን ስለሚመጣው ዘመን የመከረ ዮሴፍ ነው፤ የእኛም ልጅ የተጠራው ለዚሁ ነው ብለው ኖሯል። ሐጂ እንድሪስም ዩሱፍ እኛም ዘንድ ያው ነው ብለው አጸኑላቸው። ከደስታዬ ብዛት የቀዘቀዘውን ሻይ አንሥቼ አንዴ ተጎነጨሁ። የሚቀጥለው መልእክት ግን ትን አስባለኝ፦ «አባዬ ዮሴፍ ወደ ፈርዖን የሄደው ከእስር ቤት ነው፣ የእናንተስ ልጅ ከየት ነው የሚሄደው አለ።»

ጥሩ ጥያቄ ነው። ናይሮቢ ቃለ መጠይቅ ያደረጉልኝ ሰዎች እንኳ እንዲህ ያለ አልጠየቁኝም።

ከዚያ ነገሩ ወደ ኬንያ ዞረ። አያ ይርጋ ኬንያ ከሞያሌ ማዶ ያለችው አይደለችም ወይ፣ ውጭ አገር ማለት እሷ ናት ወይ ብለው ጠየቁ። አጎቴ ቱግ ብሎ ባሕር ካልተሻገሩ ውጭ አይባልም እንዴ አለ። ከዚያ በኋላ ስልኬ ዝም አለ። ስልክ ሲጮህ ብቻ የሚረብሽ የሚመስላችሁ፣ ዝም ሲል አላያችሁትም። በመጨረሻ ሁለት ቃል መጣ፦ «ራሱ ይምጣ።»

ስገባ አያ ይርጋ በግድግዳው ጥግ ከተደረደረው የጤፍ ጆንያ አጠገብ ተቀምጠዋል። ሰላምታዬን ተቀበሉ። መቀመጫ አሳዩኝ። እኔ ምኑንም ሳልጠየቅ ከባንኩ ምንም እንዳላጎደልኩ፣ አለቃዬንም ደውለው ሊጠይቁ እንደሚችሉ በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩ።

«ጠይቄያለሁ» አሉኝ። «ባንክ ቤት የማውቀው ሰው የለኝም መሰለህ? እንደምትለቅ ከሰማሁ ቆይቷል። እንዲያውም አመሰገኑህ።»

«ታዲያ...» አልኩ።

«ታዲያ እኔን ያስፈራኝ እሱ አይደለም።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሰው ሲሄድ ሁሌም እመለሳለሁ ይላል፣ እወስድሻለሁ ይላል። ተቀምጠው የቀሩትን ሴቶች በዚህ ከተማ አውቃቸዋለሁ። አሁን እነዚህ አባቶች የሚሉት እውነት ከሆነና አማካሪ ከሆንህ፣ እስቲ እኔን ምከረኝ። አንድ አባት ያለችው አንዲት ሴት ልጅ ናት። አገር ለቆ ለሚሄድ ሰው ይስጥ ወይስ ይከልክል? ልጅህ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?»

ስጡ ብል ለራሴ መከርኩ፤ ከልክሉ ብል ራሴን ቀበርኩ። ሽማግሌዎቼን አየኋቸው። አጎቴ ጣራውን ያያል። ሐጂ እንድሪስ መቁጠሪያቸውን ይዘዋል። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ምናልባት ዮሴፍን እየጠየቁት ይሆናል። እኔም አፌን ከፈትኩና፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ የወጣው ቃል ይህ ነበር፦

«ይሄ ነገር... ጥናት ይጠይቃል።»

መጀመሪያ ከመጋረጃው ጀርባ የሆነ ዕቃ ወደቀ። ከዚያ የአያ ይርጋ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። የተቆጡ መስሎኝ ልነሣ ስል፣ ሳቃቸው ወጣ። በሕይወቴ እሳቸው ሲስቁ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ ሳቁ።

«አሁን ገና ሥራህ ገባኝ!» አሉ። «ሰው ይጠይቅሃል፣ አንተ ጊዜ ትጠይቃለህ፣ እስከዚያ ባለቤቱ ራሱ ይወስናል። እኔ ወስኛለሁ። ብቻ አንድ ነገር፣ ይህን ያለ ጥናት መልስልኝ። አብራችሁ ነው የምትሄዱት?»

«አብረን ነው» አልኩ። ከመጋረጃው ጀርባም በዚያው ቅጽበት «አብረን ነው!» የሚል ድምፅ መጣ።

«እንግዲያው ሠርጉ በቀኑ ነው» አሉና ምሳ እንዲቀርብ አዘዙ። ውባለም ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ጥርሷ ይስቅ ነበር። እጄን ስታስታጥበኝ ውሃውን ግማሹን እጅጌዬ ላይ አፈሰሰችው፣ እኔም አልነገርኳትም።

ወደ ወረታ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ እንደ ልማዴ ቶሎ ቶሎ አወራሁ። ስለ ናይሮቢ፣ ስለምንከራየው ቤት፣ ድርጅቶች ለምክራችን ደህና አድርገው እንደሚከፍሉን።

«ቆይ» አሉኝ መሪጌታ ጥበቡ ወደ እኔ ዞረው። «ሰው ቤት ሄዳችሁ ታዳምጣላችሁ፣ ራሱ የሚያውቀውን መልሳችሁ ትነግሩታላችሁ፣ ይከፈላችኋል?»

«አዎ» አልኳቸው።

ወደ ሁለቱ ጓደኞቻቸው ዞሩ። «እንግዲህ እኛ ስንት ባልና ሚስት ስናስታርቅ፣ ስንት የተጣላ ስናስማማ የኖርነው ሳናውቅ በነጻ ነው» አሉ። ሐጂ እንድሪስ ኮሌታዬን ይዘው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «እዚያ ስትደርስ እስቲ ጠይቅልን። ሦስት ሰው አንድ ላይ ይቀጥሩ እንደሆነ።»