የሠላሳ ስድስት ሰው አባት

ሰው አስተማሪውን ያመሰግናል፤ እኔ የማመሰግነው ወረቀት ነው። ትስቃላችሁ? ሳቁ። አሥራ አራት ገጽ ነበረች፣ በስቴንስል የተባዛች፣ ስለ አንድ ሩቅ አገር ገበሬዎች የመሬት ድርሻ የምታወራ የጥናት ጽሑፍ። ኮሌጅ ሳለሁ አስተማሪያችን አደሉንና በአንድ ቁጭታ ጨረስኳት። ገበሬ ጠይቆ፣ የነገረውን ጽፎ ምሁር መባል ይቻላል ለካ! ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለኝ?

ለመመረቂያ ጽሑፌ የመንዝን ርስት መረጥኩ። ሠላሳ ስድስት መጠይቅ አባዝቼ፣ በተከራየኋት በቅሎ ሞላሌ ገባሁ። ጥናቱ ካልሰመረ ምረቃ የለም፤ ይህን ልብ በሉልኝ።

የመጀመሪያውን ጥያቄ ቀላል ነው ብዬ ነበር፤ የአባትዎ ስም ማን ነው? አንደኛው ሰውዬ ዘርዓ ብሩክ አለኝ። ሁለተኛውም ዘርዓ ብሩክ። ሦስተኛው፣ ጥርስ የሌላቸው ሽማግሌ፣ እሳቸውም ዘርዓ ብሩክ! በሳምንቱ ሠላሳ ስድስቱም ወንድማማቾች ሆነው ቁጭ አሉ። ቀለዱብኝ ብዬ በገንኩ። ጓዜን ሸክፌ ልመለስ ስል፣ ቤታቸው ላሳደሩኝ ለደብሩ አለቃ ብሶቴን ነገርኳቸው።

«አንተ ልጅ፣ የጠየቅኸው ስለ ርስት አይደል?» አሉኝ።

«አዎ፣ አባቴ።»

«ታዲያ በርስት አባት ማለት መሬቱን መጀመሪያ ያቀናው ነው። የወለደህንማ ማን ብሎ ይጠይቅሃል?»

አፈርኩ። ያቺ ወረቀት እኮ መልሱ ግራ ሲገባህ ጥያቄህን ፈትሽ ብላኝ ነበር። አንብቤያታለሁ፤ አልገባችኝም እንጂ። እንደገና ቤት ለቤት ዞርኩ። አለቃም አብረውኝ እየዞሩ፣ የተሳሳተውን እያረሙ፣ የሁሉንም ትውልድ እስከ ዘርዓ ብሩክ አስቆጠሩልኝ። ተመረቅሁ። እግዜር ይስጣቸው፣ ውለታቸውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

በዓመቱ አንድ ቅጂ ይዤላቸው ሄድኩ። ሳነብላቸው እስከ መጨረሻው አዳመጡና «የኮሌጁ ማኅተም አለበት?» አሉኝ። አለበት አልኳቸው። ደስታቸው ከኔ በለጠ። ለምን እንደሆነ ያን ዕለት አልጠየቅሁም።

ቆይቶ ደብዳቤያቸው ደረሰኝ። የአገሩን ትውልድ ቆጥሮ በማኅተም ያጸና ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም ለካ! ድርሻዬን ባዩ ሁሉ ያችን ቅጂ ከአለቃ እየተዋሰ አጥቢያ ዳኛ ፊት ቆሟል። ከሳሹ ገጽ ሰባትን ሲያነብ ተከሳሹ ገጽ ዘጠኝን ይመዛል።

ዛሬ ባልደረቦቼ ጽሑፋችንን የሚጠቅስልን ጠፋ እያሉ ሲያማርሩ አዝንላቸዋለሁ። የእኔንማ ያልጠቀሰው ዳኛው ብቻ ነው።