በወረቀት የሞላው ክፍል

አስካለ ሕልሙን ያየችው በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ያውም አልጋዋ ላይ ሳይሆን በልዩ ፍላጎት ትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ከርእሰ መምህሩ ቢሮ በር ላይ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ። የቀን ሕልም ፍቺ የለውም የሚሉ አሉ። ይበሉ። መስከረም በመጣ ቁጥር ልጁን ለማስመዝገብ እዚያ አግዳሚ ላይ ሲንቆራጠጥ የሚውል ሰው ሕልም የሚያየው እንቅልፍ በጣለው ሰዓት ነው እንጂ ሌሊት መርጦ አይደለም።

ልጇ ዝናሽ ትባላለች። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። አትናገርም፤ ታዜማለች። ሲርባት አንድ ዜማ አላት፣ ስትፈራ ሌላ፣ እናቷ ከሥራ ስትመለስ ደግሞ ሌላ። አስካለ የምትሠራው ወፍጮ ቤት ነው። እዚያ ልጅ ይዞ መግባት አይቻልም፤ የወፍጮው ቀበቶ ሰው ይጎትታል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ዝናሽን ቤት ውስጥ ትታ በሩን በጓጉንቸር ቆልፋባት ትሄዳለች። ጎረቤቱ «ምን ታድርግ፣ እሷም ሠርታ መብላት አለባት» ይላል። አስካለ ግን ይህን ብላ ራሷን አጽናንታ አታውቅም። ቁልፉን ስታዞር ከውስጥ የምትሰማው የፍርሃት ዜማ ወፍጮው እያጓራ እንኳ ከጆሮዋ አይወጣም። ይህ ትምህርት ቤት ልጇን ከተቀበላት በሩ መቆለፉ ይቀራል። ካልተቀበላት ይቆለፋል። ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላ ምንም የለውም።

ያን ቀን ጠዋት ርእሰ መምህሩ አቶ ልሳኑ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩዋት፣

«ሞልቷል» አሏት።

«ጌታዬ፣ ክፍሉን አሁን በመስኮት አየሁት እኮ። ወንበሩ ግማሽ በግማሽ ባዶ ነው።»

«በወረቀት ሞልቷል። በጀት የሚመጣው በወረቀቱ ልክ ነው፣ ገባሽ? ደግሞ ልጅሽ ስሟን እንኳ አትናገርም። እስቲ ቤት ውስጥ ትንሽ አስተምሪያትና ይዘሻት ነይ።»

መናገር ላቃታቸው ልጆች በተከፈተ ትምህርት ቤት፣ ልጅቷ መጀመሪያ መናገር ተምራ ትምጣ! በሽተኛው ድኖ ሲመጣ እናክመዋለን እንደማለት ነው። ባዶውን ወንበር ሞልቷል ማለታቸውስ? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። የአስካለ የግንባሯ ደም ሥር ተገታተረ፤ አፏ ግን «እሺ ጌታዬ» አለ። ደጅ የሚጠና ሰው አፉ የራሱ አይደለም። ልጇን ይዛ ልትወጣ ስትል አቶ ልሳኑ ምን ትዝ እንዳላቸው እንጃ፣ «ለማንኛውም ግቢ ውስጥ ቆዪ፤ ልጅቷም ትቆይ፤ ከሰዓት እናያለን» አሏት።

አስካለ አግዳሚው ላይ ልጆቻቸውን ይዘው ከሚጠብቁ ሌሎች እናቶች ጎን ተቀመጠች። የበዓል ሰሞን ስለሆነ ስትፈጭ ነው ያደረችው፤ ቅንድቧ ላይ ገና ዱቄት አለ። ዝናሽ ጭኗ ላይ ጋደም አለች። ፀሐይዋ ሞቀች። የአስካለ አንገት ዘንበል አለ።

በሩ ተከፈተና ደጅ የሚጠኑት ሹሞቹ ሆነው ተገኙ።

ሰልፉ ከግቢው ወጥቶ አስፋልቱን ተሻግሯል። ሁሉም ሙሉ ልብስ ለብሰው ከረባት አስረዋል፤ ሁሉም ደግሞ በእናቶቻቸው እጅ ተይዘዋል። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱን ኃላፊ እናቱ አፍንጫውን ትጠርግለታለች። የበጀት ክፍሉ ሰውዬ ከሰልፉ አምልጦ ሊሮጥ ሲል እናቱ በከረባቱ ጎትታ መለሰችው። ከሁሉም ፊት የቆመው ልሳኑ ነው። አንቱታው በሕልም ቀርቷል። እናቱ ነጠላዋን አደግድጋ ከጎኑ ቆማለች።

ከመዝጋቢው ጠረጴዛ ኋላ የተቀመጠችው ዝናሽ ናት። ከግራ ከቀኟም ያሉት ልጆች ናቸው፤ አንዱ እጁን ያርገበግባል፣ አንዷ ወደፊት ወደኋላ ትወዛወዛለች፣ ሥራው ግን እንደ ጉድ ይሄዳል። በዚያ አገር ሥራ የሚሠራው በዜማ ነው። አዋጁም ዳኝነቱም በዜማ ነው፤ በአፉ የሚናገር ሰው ሲገኝ ሰው ከንፈሩን ይመጥለታል።

«ስም?» አለች ዝናሽ በዜማ።

ልሳኑ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ልሳኑ እባላለሁ። በትምህርት አመራር ሁለተኛ ዲግሪዬን ከያዝኩ በኋላ ከባለድርሻ አካላት ጋር በመቀናጀት...»

መዝጋቢዎቹ ተያዩ። ዝናሽ ወደ እናቷ ዞረች፤ በግቢው ውስጥ ሁለቱንም ቋንቋ የምታውቀው አስካለ ብቻ ነበረች።

«ምን አለ?»

«ምንም አላለም» አለች አስካለ። እውነቷን ነው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው?»

አስካለ ጥያቄውን ለእናትየው ነገረቻት። የልሳኑ እናት እንባዋ መጣ። «ደህና ልጅ ነበር። የሾሙት ቀን ነው የጀመረው።»

«ጠበል አልወሰድሽውም?» አለቻት አስካለ።

«ወሰድኩት እንጂ! ሥልጠናም ወሰድኩት። አበል ካልተከፈለው ከተቀመጠበት አይንቀሳቀስም።»

ዝናሽ በሐዘኔታ ራሷን ነቀነቀች። «ስሙን ማዜም የማይችል ልጅ እዚህ ምን ያደርጋል? እናቱን፣ ቤት ውስጥ አስተምሪውና ይዘሽው ነይ በያት።»

እናትየው ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። «የኔ እመቤት፣ ልጄ እኮ ክፉ አይደለም። ስብሰባ ይወዳል። ጭብጨባ ሲሰማ ዝም ይላል። አንዱ ጥግ ላይ አስቀምጡልኝ ብቻ፣ ማንንም አይነካም!»

«ሞልቷል» አለች ዝናሽ።

አስካለ ሳቋ መጣ። ክፉ ሳቅ ነበር። አላፈረችበትም፤ እንዲያውም ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«ባዶ ነው እኮ! እስቲ ክፍሉን ክፈቱልኝ!» ብላ እናትየው ስትጮህ ክፍሉ ተከፈተ። ባዶ አልነበረም። በየወንበሩ የወረቀት ልጆች ተቀምጠዋል። ስምም ፎቶም አላቸው፤ ከጎን ሲታዩ ግን የሉም። አስካለ ወደ አንዱ ጠጋ አለች።

«እናንተ ምንድን ነው የምትማሩት?»

«እኛ አንማርም። እንበላለን» አለ የወረቀቱ ልጅ።

«ሆድ የላችሁም እኮ።»

«የምንበላው በሌላ ሰው ሆድ ነው።»

ይህን ሲል ከመስኮቱ ነፋስ ገባ። የወረቀት ልጆቹ አንድ ላይ ብድግ አሉና እየተንኮሻኮሹ በመስኮት ወጡ። የበጀት ክፍሉ ሰውዬ ከእናቱ እጅ አምልጦ እየዘለለ ሊይዛቸው ሞከረ። «ልጆቼን! ኧረ ልጆቼን ያዙልኝ!» እያለ መሬት ላይ ተንከባለለ። አስካለ አየችውና ጥርሷን ነከሰች። ሥጋ ለባሽ ልጅ በር ላይ ሲመለስ ይህ ሰው አንድ ቀን እንባ አውጥቶ አያውቅም።

እሱ እየተንከባለለ ሳለ ላሟ ወረደች። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚባልላት፣ አስካለ ከልጅነቷ ጀምሮ ወሬዋን የሰማችው ያቺ ላም ናት። እውነትም ሰማይ ላይ ነው የኖረችው። ስትወርድ የትምህርት ቤቱን ቆርቆሮ በእግሯ በሳችው፤ ጅራቷ ላይ የተንጠለጠሉ ባለሥልጣናትም አብረዋት ዱብ ዱብ አሉ። ልጆቹ ከበቧት። እያዜሙ አለቧት፣ ጠጡም። ሹሞቹ ኩባያ ይዘው ተሰለፉ።

«የኛስ?»

«እናንተ በዘንድሮ ዕቅድ አልተካተታችሁም» አለች ላሟ። ከሹም ጋር ስለኖረች በአፍ መናገር ለምዳለች።

«አንቺ ላም፣ እስከ ዛሬ የት ከርመሽ ነው?» አለቻት አስካለ።

«እኔማ በየዓመቱ እላካለሁ። መንገድ ላይ እያለቡኝ እዚህ ሳልደርስ እነጥፋለሁ። ዛሬ አላቢዎቼ ሰልፍ ስለያዙ ነው እንዲህ ወተት ግቼ የመጣሁት።»

አስካለ ልትሰድባት ነበር፤ ኋላ የላሟ ጥፋት እንዳልሆነ ገባትና ተወችው።

ዞር ስትል የራሷ ሰፈር ውስጥ ናት። በየበሩ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ከትምህርት ቤቱ በር የተመለሱት የሹሞቹ እናቶች በራቸውን እየቆለፉ ወደ ሥራ ይሄዳሉ፤ በየመስኮቱ ከረባት ያሰረ ሰው መስታወቱን ይደበድባል። አስካለ በመንገዱ መሐል እየተንጎማለለች አለፈች። ስታልፍ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

«አስካለ! እባክሽ ክፈቺልኝ! ጨለማ ነው!»

ልሳኑ ነው። ቁልፉ እሷ ኪስ ውስጥ ነበር።

«ስምህን አዚም» አለችው።

ሞከረ። ከጉሮሮው የወጣው ስም አልነበረም፤ ጭንቅ ያለው፣ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ነበር። አስካለ ያንን ድምፅ ታውቀዋለች። ጠዋት ጠዋት ከበሩ ኋላ የምትሰማው እሱኑ ነው። ንዴቷ ይብስ ገነፈለ። ለምን ታዝንለታለች? እሱ አዝኖላት ያውቃል? እጇ ግን ቁልፉን አውጥቶ ጓጉንቸሩ ውስጥ ከተተው።

«ስትወጣ እንዳትረሳው!» ብላ ጮኸችበት። «ውስጡ ምን እንደሚመስል እንዳትረሳው! እንዳትረ...»

በራሷ ጩኸት ነቃች። ጭኗ ላይ ማንም የለም።

«ዝናሽ!» ብላ ብድግ አለች። አግዳሚው ላይ የነበሩት ሌሎች ልጆችም የሉም። የግቢው ዘበኛ ጋሽ ውቤ ከበሩ ሆነው፣

«ተረጋጊ ልጄ፣ ተረጋጊ! ክፍል ገብታለች» አሏት።

«የምን ክፍል?»

«የትምህርቱ ነዋ! ተኝተሽ እንዳንቀሰቅስሽ ብለው ነው የወሰዷት። ዩኒፎርም ለብሳ ብታያት፣ ሙሽራ መስላለች።»

አስካለ ሮጣ በመስኮት አየች። ክፍሉ ጢም ብሏል፤ አንድ ባዶ ወንበር የለም። ዝናሽ ከፊት፣ እጅጌው የረዘመባት ሰማያዊ ዩኒፎርም ለብሳ፣ ሰሌዳውን እያየች ታዜማለች። አስካለ ያንን ዜማ ከዚያ በፊት ሰምታው አታውቅም። የረሃብ አይደለም፣ የፍርሃት አይደለም፣ እናቷ ስትመጣ የምታዜመውም አይደለም። አስካለ መስኮቱን ተደግፋ አለቀሰች። በሕልሟ በሰውዬው ላይ ስለሳቀችው ሳቅ ይቅርታ ልትጠይቅ ምንም አልቀራትም።

ሁለት መኪና አቧራውን እያቦነነ ከግቢው ወጣ። አቶ ልሳኑ እንግዶቹን ሸኝተው ከረባታቸውን እያላሉ ሲመለሱ አስካለ ጉልበታቸው ላይ ወደቀች።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጌታዬ! ልጄን ስለተቀበሉልኝ ዕድሜ ይስጥልኝ!»

«ኧረ ተነሺ፣ ምን ሆነሻል?» አሉ አቶ ልሳኑ። «ገምጋሚዎች መጥተው እኮ ነው። የልጁ ቁጥር ከወረቀቱ እንዲገጥም ብለን ደጅ ካሉት ለአንድ ሰዓት ያህል አስገባን። በነገራችን ላይ ልጅሽ ጎበዝ ናት፤ እንዴት ያለ ጨዋ አቀማመጥ ተቀመጠች!»

አስካለ በዝግታ ተነሳች። ክፍሉ ውስጥ ገብታ የልጇን ደረት አየች። በመርፌ ቁልፍ የተያዘ ካርድ አለ፤ «ቤዛዊት» ይላል።

«ቤዛዊት ማናት?»

«ቤተሰቦቿ አገር ከለቀቁ ቆይተዋል። ስሟ ግን መዝገቡ ላይ አለ። አንቺን ምን አስጨነቀሽ?»

ለሌለችው ልጅ ወንበር አለ። ላለችው የለም። የለቅሶ ድንኳን ወንበር ሲያንሰው ከሌላ እድር እንደሚዋሰው ልጇን ተውሰዋት ነበር፤ አሁን ለቅሶው አብቅቷልና ይመልሷታል። አስካለ ሕልሟ ውስጥ እንኳ ይህን ያህል አላሰበችም።

መምህራኑ ከልጆቹ ላይ ዩኒፎርሙን እያወለቁ ይሰበስባሉ። ሌሎቹ እናቶች ልጆቻቸውን አቀፉና አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። ዝናሽ ግን ዴስኩን በሁለት እጇ ጨብጣ አልነሳም አለች። አንዷ መምህርት ጣቶቿን ስታላቅቅ የተላቀቀው ጣት ተመልሶ ይጨብጣል። አዲሱ ዜማ ጠፍቶ የፍርሃቱ መጣ።

«በይ እንጂ፣ እናቷ አይደለሽ? አስነሻት!» አሉ አቶ ልሳኑ። «ዩኒፎርሙ የመንግሥት ንብረት ነው። ለሚቀጥለው ግምገማ እናስጠራሻለን፤ ከሁሉ አስቀድመን እሷን ነው የምናስገባት።»

አስካለ ወደ ልጇ ሄደች። መምህራኑ ልታስነሳት መስሏቸው መንገድ ለቀቁላት። ከዝናሽ ጎን ያለውን ባዶ ቦታ በነጠላዋ ጫፍ ጠረግ አደረገችና ተቀመጠች። ዴስኩንም እንደ ልጇ በሁለት እጇ ጨበጠች።

«ያስቀመጣት ያስነሳት!» አለች።