የላይል ቡሻርድ አንዲት ግብ

ዛሬ እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 1987 ነው። እኔ ኦረስት ፔትሮ ሆሎዳ፣ የከተማችን የበረዶ ሜዳ ጠባቂ፣ ያየሁትንና ያጣራሁትን ብቻ እጽፋለሁ።

በዚህ ሜዳማ አገር ጡረታ የወጣ የበረዶ ሆኪ ተጫዋች የሌለው ከተማ የለም፤ «የለንም» የሚል ቢገኝ ደብቆ ነው። የእኛው ክቡር አቶ ላይል ቡሻርድ ናቸው። በታላቁ ሊግ ዐሥራ አንድ ጨዋታ ተጫውተው፣ አንዲት ግብ አግብተው፣ እርሷኑ ሃያ ስምንት ዓመት ሲተርኩ ኖረዋል።

ጠዋት ጠዋት በዶሪን ምግብ ቤት ጠረጴዛውን ሜዳ ያደርጉታል።

«ይሄ ጨው እኔ ነኝ። በርበሬው ተከላካዩ ነው፤ ግንድ የሚያህል!»

«ላይል፣ ጨዉን መልስ! ሰዉ እንቁላሉን ያለ ጨው እየበላ ነው» ትላለች ዶሪን።

«ቆይ እንጂ፣ ልመታ ነው!»

ግቧ በየክረምቱ ወደ ኋላ ትሸሻለች። መጀመሪያ ስሰማት ከጎሉ ደጃፍ ነበረች፤ ዛሬ መሃል ሜዳ ደርሳለች። በዚህ አያያዟ በቅርቡ ከመኪና ማቆሚያው ትመታለች። ክቡርነታቸው በቀብር ላይ እንኳ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን አውልቀው፣ በጨዋታ የረገፉትን ጥርሶች ቦታ እያሳዩ «እዚህ ጋ ነበሩ» ይላሉ። ተሳስተው ቀኝ ጫማቸውን ካስቀደሙ ደግሞ ቀኑ ተበላሸ ብለው ተመልሰው ይተኛሉ።

ባለፈው ወር የሜዳው ኮሚቴ የከተማውን ሰው ሰብስቦ የላይልን ቁጥር 22 ማሊያ ለክብር ጣሪያው ላይ እንስቀል አለ። እጄን አወጣሁ።

«የግቧ ማስረጃ የት አለ?»

«አንተ ሰውዬ፣ በረዶ እንደሚቀዘቅዝም በእጅህ ሳትነካ አታምንም!» ስትል ዶሪን ጮኸችብኝ።

ላይል ግን አልተቆጡም። ኮፍያቸውን አንሥተው ወጡ።

ከዚያ በኋላ ምግብ ቤቱን አልረገጡም። ጨውና በርበሬው ዐሥር ቀን ጎን ለጎን ቆሙ። እንቁላሌ ጨው አገኘ፤ እኔን ግን አልጣመኝም።

በዐሥራ አንደኛው ቀን የሦስት ሰዓት መንገድ በአውቶቡስ ተጉዤ ሳስካቱን ከተማ ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። የድሮ ጋዜጦች አስወጥቼ መስመሩን በጣቴ እየተከተልሁ አነበብሁ። ግቧ አለች። ስማቸውም አለ። በሆኪ እንደ ኳስ የምትመታው ክብ ጎማ ከየትኛው የሰውነታቸው ክፍል ነጥራ እንደገባች፣ ያን ጊዜም ፊታቸው ወዴት እንደነበረ ተጽፏል፤ ያንን መግለጽ የሜዳ ጠባቂ ሥራ አይደለም።

ማታውኑ በራቸውን አንኳኳሁ።

«ጋዜጣውን አየሁት፣ ላይል።»

ጆሯቸው ቀላ። «ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ግብ ግብ ነው። ኮሚቴው ፊት እመሰክራለሁ።»

ቀስ ብለው፣ «ከመሃል ሜዳ ነበር፣ አይደል?» አሉ።

«እንዲያውም ትንሽ ወደ ኋላ ሳይሆን አይቀርም» አልሁ።

በዕድሜዬ ያላጣራሁትን ስናገር ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ትናንት ከተማው ሁሉ እያጨበጨበ ማሊያው ተሰቀለ። ዶሪን ጨውና በርበሬውን በትሪ ይዛ መጣች። ላይል ግራ እግራቸውን አስቀድመው በረዶው ላይ ወጡ፤ ጥርሳቸውን አውልቀውም ለጣሪያው አሳዩት።

ሰዉ ከተበተነ በኋላ መሰላሉን አቁሜ ወጣሁ። ማሊያው የተሰቀለበትን ምስማር በሁለት እጄ ጎትቼ አይቼዋለሁ፤ አይነቃነቅም።