ጋሽ ታዬና ቀዝቃዛው ማሞቂያ

ሳይለካ ዕቃ የሚቀይር የማሽን ጥገና ባለሙያ ገጥሞዎት ያውቃል? አለቃዬ ጋሽ ታዬ እንደዚያ ናቸው፤ መለኪያ ማውጣት ለእሳቸው ጀማሪነት ነው።

ባለፈው ፒያሳ አንድ ክሊኒክ ተጠራን። የደም መመርመሪያው ማሽን ስክሪኑ ላይ «ቀዝቃዛ ነኝ» ብሎ ሥራ አቁሟል። ቁርስ ሳይበሉ የመጡ ታካሚዎች ኮሪደሩን ሞልተው ይጠብቃሉ። ጋሽ ታዬ ማሽኑ ውስጥ ያለውን ማሞቂያ ቀየሩ። ማሽኑ ግን አሁንም ቀዝቃዛ ነኝ አለ።

«ጋሼ፣ የተበላሸው ሙቀት የሚለካው ሴንሰር ቢሆንስ?» አልኳቸው።

«ዘንድሮ የሚመጣው ማሞቂያ ሁሉ ፎርጅድ ነው!» ብለው አዲሱንም በባዶ እጃቸው መዘዙት። ወዲያው ጮኸው ወረወሩት። መዳፋቸው ውሃ ቋጠረ።

«ጋሼ፣ ቀዝቃዛ ነገር ያቃጥላል እንዴ?»

መዳፋቸውን እፍ እያሉ ስክሪኑን አሳዩኝ። «ማንበብ አትችልም? ቀዝቃዛ ነው እያለህ! ሌላ ማሞቂያ አምጣ!»