አሥራ ሦስተኛው አልጋ ላይ የተኛው አቶ የለም

(ከአንድ ሆስፒታል ጀርባ ያለች ጠባብ ቢሮ። ሁለት ጠረጴዛ፣ ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ መስኮት። ሊቁ የሆስፒታሉ የጥሪ ፕሮግራም ሠሪ ነው፤ በሽተኛ አልጋው አጠገብ ያለውን ደወል ሲጫን ነርሶቹ ጠረጴዛ ላይ የአልጋው ቁጥር የሚበራው በእሱ ፕሮግራም ነው። ጋሼ መዝገብ ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርተው፣ ፋይሉ ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ሲዛወር አብረው ወደ ሊቁ ቢሮ የተዛወሩ ሰው ናቸው። የበሽተኛ መመዝገቢያ ፎርም ከፍተው ተቀምጠዋል።)

ጋሼ መዝገብ፦ ዕድሜውን ስንት ልበለው?

ሊቁ፦ የፈለጉትን ይበሉት አልኩዎት እኮ፣ ጋሼ።

ጋሼ መዝገብ፦ የሰው ዕድሜ በፍላጎት ይሞላል እንዴ? ባለፈው ወር ስድሳ ሁለት ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ አርባ።

ሊቁ፦ ሃምሳ ይበሉትና እንገላገል።

ጋሼ መዝገብ፦ (ይጽፋሉ) አቶ የለም፣ ሃምሳ ዓመት። የቅርብ ተጠሪ?

ሊቁ፦ የለም።

ጋሼ መዝገብ፦ ራሱ ነው የራሱ ተጠሪ?

ሊቁ፦ የለም ማለት የለም ማለት ነው። ሰውየው የለም።

ጋሼ መዝገብ፦ (እጃቸውን ከኮምፒውተሩ ያነሳሉ) መቼ?

ሊቁ፦ ምኑ መቼ?

ጋሼ መዝገብ፦ መቼ አረፈ? ነፍሱን ይማር። ትናንት እኮ ስሙ ዝርዝሩ ላይ ነበር።

ሊቁ፦ አልሞተም።

ጋሼ መዝገብ፦ ተመስገን።

ሊቁ፦ አልተወለደም።

(ጋሼ መዝገብ ፎርሙን ከላይ እስከ ታች እንደገና ያያሉ።)

ጋሼ መዝገብ፦ እኔ እኮ ቅዳሜ ብርቱካን ይዤ ልጠይቀው ሄጄ ነበር። ጠያቂ እንደሌለው ከፎርሙ ስላየሁ አሳዘነኝ። ብዞር ብዞር ክፍሉ ውስጥ ያለው አሥራ ሁለት አልጋ ነው። ከአሥራ ሁለተኛው ቀጥሎ ግድግዳ ነው። ነርሷን ስጠይቃት አፏን በእጇ ይዛ፣ ሊቁን ይጠይቁት አለችኝ።

ሊቁ፦ ይዩ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ከመጀመሪያው አላስረዳሁዎትም። ወንበርዎን ወደዚህ ያዙሩ። እኔ ፕሮግራም የምጽፈው ሰው በሚገባው መንገድ ነው። ማሽኑ ግን ያንን አያነብም። መሃል ላይ ኮምፓይለር የሚባል አለ። እኔ የጻፍኩትን ወደ ማሽኑ ቋንቋ የሚገለብጠው እሱ ነው። ይሄ የእኛ ኮምፓይለር ደግሞ የቆየ ባግ አለው።

ጋሼ መዝገብ፦ ምን ይዞበታል?

ሊቁ፦ ቦርሳ አይደለም፣ ጋሼ። ባግ ማለት ስህተት ነው። ዝርዝር ሲሰጡት የመጨረሻውን ይዘላል። አሥራ ሁለት አልጋ ስሰጠው አሥራ አንዱን ብቻ ነው የሚገለብጠው።

ጋሼ መዝገብ፦ ገባኝ። እኛም መዝገብ ቤት እንደዚህ ያለች ጸሐፊ ነበረች። የደብዳቤውን የመጨረሻ መስመር ትዘል ነበር።

ሊቁ፦ ታዲያ ምን አደረጋችኋት?

ጋሼ መዝገብ፦ ነገርናት። መነጽር ገዛች።

ሊቁ፦ ይሄ መነጽር አይገዛም። ስለዚህ እኔ ዘዴ ፈጠርኩ። ከዝርዝሩ መጨረሻ የሌለ በሽተኛ አስተኛሁ። ኮምፓይለሩ አቶ የለምን ይዘላል፣ አሥራ ሁለቱ ደህና ይሆናሉ። ይህን ዘዴ ሦስት ስብሰባ ላይ አቅርቤ ተጨብጭቦልኛል።

ጋሼ መዝገብ፦ እንዲዘለል ብቻ ነዋ የተኛው። ምስኪን። ቁርሱስ?

ሊቁ፦ የምን ቁርስ?

ጋሼ መዝገብ፦ ወጥ ቤቱ ፎርሙን እያየ ነው የሚያድለው። አሥራ ሦስተኛው ቁርስ ሁልጊዜ ይወጣል። የበሩ ጥበቃ ነው የሚበላለት። ‘አቶ የለም እንዴት አደሩ’ ብሎ በየጠዋቱ የሚጠይቀኝ ለካ ለዚህ ነው።

ሊቁ፦ ትንሽ ኪሳራ ነው። ዋናው ነገር ሥርዓቱ ይሠራል።

ጋሼ መዝገብ፦ ባለፈው ማክሰኞስ?

ሊቁ፦ ማክሰኞ ምን ሆነ?

ጋሼ መዝገብ፦ አንተ የአቶ የለምን ዕድሜ ባዶ ትተኸው ፎርሙ አልቀበልም ብሎ ሰውየውን ከዝርዝሩ አስወጣው። አሁን ስታስረዳኝ ነው ነገሩ የተገናኘልኝ። አሥራ ሁለተኛው አልጋ ላይ እግራቸው የተሰበረ እናት አሉ። ብርቱካኑን የሰጠሁት ለእሳቸው ነው። ያን ቀን ውሃ ፈልገው አርባ ደቂቃ ደወሉን ሲጫኑ ማንም አልመጣም። በመጨረሻ ባዶውን ብርጭቆ በሩ ላይ ወረወሩት። ሲነግሩኝ አልተቆጡም። ጣቴ ደክሞ ሳልጫነው ቀርቼ መስሎኝ ነበር አሉኝ።

(ሊቁ ብዕሩን አንስቶ መልሶ ያስቀምጣል።)

ሊቁ፦ ይህን ማንም አልነገረኝም።

ጋሼ መዝገብ፦ እሳቸውም ለማን ይንገሩ? ደወሉ አይሠራ።

ሊቁ፦ ለዚህ እኮ ነው ዕድሜውን ይሙሉ የምልዎት።

ጋሼ መዝገብ፦ ልጄ፣ ኮምፓይለሩን የሠሩት ሰዎችስ ያውቃሉ?

ሊቁ፦ (ቀና ይላል) የነገርኳቸውማ እኔ ነኝ። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት። በዓለም ላይ ያን ባግ መጀመሪያ ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ አሥራ አራት ገጽ ጽፌ ላክሁላቸው። በእነሱ ድረ ገጽ ላይ እስከ ዛሬ ከእኔ ጽሑፍ ሥር ሰው ያማርራል። አንዱ የሌለ የትራፊክ መብራት አቁሟል። አንዷ ቤተ መጻሕፍቷ ውስጥ ማንም ያልጻፈው መጽሐፍ አስገብታለች። ሁሉም የየራሱ አቶ የለም አለው።

ጋሼ መዝገብ፦ ሠሪዎቹ ምን መለሱ?

ሊቁ፦ ናቁኝ። ምን ብለው እንደጠየቁኝ ቢሰሙ ይገርምዎታል። ‘የምትጠቀምበት የኮምፓይለሩ ስንተኛው ቨርዥን፣ ስንተኛው እትም ነው?’ አሉኝ። እኔን። ይሄ ትናንት ኮምፒውተር የነካ ሰው የሚጠየቀው ጥያቄ ነው። አሥራ አራት ገጽ ላነበበ ሰው ሊገባው ይገባ ነበር።

ጋሼ መዝገብ፦ ገጾቹ ላይ ጽፈኸዋል?

ሊቁ፦ እሱን አልጻፍኩም። ግን ከአጻጻፌ ደረጃ ያስታውቃል።

ጋሼ መዝገብ፦ እና ምን ብለህ መለስክ?

ሊቁ፦ አልመለስኩም። ንቀቱ ይሰማቸው ብዬ።

ጋሼ መዝገብ፦ አሥራ አንድ ዓመት?

ሊቁ፦ ሰው አቋም ሊኖረው ይገባል።

(ጋሼ መዝገብ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ይጠርጋሉ።)

ጋሼ መዝገብ፦ ‘ስንተኛው ቨርዥን ነው’ የሚለው ጥያቄ ያ ነው እንዴ? እሱንማ እኔ መልሼዋለሁ።

ሊቁ፦ ምኑን?

ጋሼ መዝገብ፦ የቆዩ ኢሜይሎቼን በየዓመተ ምሕረታቸው ይለዩልኝ ብለህ ከፍተህ ሰጥተኸኝ የለ? ረቡዕ ዕለት እየለየሁ አንድ ጥያቄ ሳይመለስ አገኘሁ። መዝገብ ቤት ደግሞ መልስ ያላገኘ ደብዳቤ ፋይል አይደረግም። ሠላሳ ዓመት እንደዚያ ነው የሠራሁት። መዝገበ ቃላት ይዤ አነበብኩት፤ ቁጥር ነው የሚፈልጉት። አንተ የምትሠራበት ነገር ሲከፈት ከታች በኩል ከዚያው ስም ጎን በደቃቁ ይጻፋል። አራት ነጥብ ሁለት። እሱን ላክሁላቸው።

ሊቁ፦ ኮምፓይለር ምን እንደሆነ ሳያውቁ?

ጋሼ መዝገብ፦ ዛሬ ነገርከኝ እኮ። ቁጥር ማንበብ ግን ድሮም አውቃለሁ።

ሊቁ፦ (ፈገግ ይላል) ደግ አደረጉ። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ማን ሊያየው።

ጋሼ መዝገብ፦ ዓርብ መልስ መጥቷል።

ሊቁ፦ የት አለ?

ጋሼ መዝገብ፦ መልስ ስላገኘ ፋይል አድርጌዋለሁ።

(ሊቁ ወንበሩን ገፍቶ የጋሼ መዝገብ ኮምፒውተር ላይ ያጎነብሳል። ሁለቱም ያነባሉ። የሊቁ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለውም።)

ጋሼ መዝገብ፦ እዚህ ጋ ያለው ቃል ከበደኝ። ምን ይላል?

ሊቁ፦ ‘ማስተካከያው የተዘጋጀው በዚያው ዓመት ነበር’ ይላል።

ጋሼ መዝገብ፦ ታዲያ ለምን አላወጡትም?

ሊቁ፦ ስህተቱ በየትኛው ቨርዥን እንዳለ እርግጠኛ ሳይሆኑ የደህናውን ሰው ሥራ እንዳያበላሹ ፈርተው። ‘የምንጠብቀው ያቺን አንድ ቁጥር ብቻ ነበር’ ይላል። አዲሱን አያይዘውታል።

ጋሼ መዝገብ፦ የትራፊኩ ሰውዬም፣ የመጽሐፉ ሴትዮም ሲጠብቁ የነበሩት አንተን ነዋ።

(ሊቁ አዲሱን ኮምፓይለር ይጭናል፣ ፕሮግራሙን እንደገና ያስገለብጣል። የአቶ የለምን ስም መርጦ ጣቱን ከቁልፉ በላይ ያቆያል፤ ከዚያ ይሰርዘዋል። ጋሼ መዝገብ ስልክ አንስተው ነርሷን ያናግራሉ፤ እናትየው አንዴ ደወሉን እንዲጫኑ ይጠይቋታል። ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንዳደረጉ ይጠብቃሉ።)

ጋሼ መዝገብ፦ አሥራ ሁለት በርቷል አለች። (ያዳምጣሉ) እናትየው መልሰው መላልሰው እየተጫኑት ነው። ተዉ ብትላቸውም እምቢ አሉ። ጣቴ ደህና ነው ለካ እያሉ ነው።

(ስልኩን ያስቀምጣሉ። ሊቁ መስኮቱ ጋ ቆሟል።)

ሊቁ፦ ጋሼ፣ ያንን ቁጥር የላኩት በማን ስም ነው?

ጋሼ መዝገብ፦ በአንተ ነዋ። ኢሜይሉ የአንተ አይደል።

ሊቁ፦ እንዲሁ ቁጥሩን ብቻ ላኩት?

ጋሼ መዝገብ፦ ኧረ ነውር ነው፤ ያን ያህል ዘግይቶ እንዲሁ ይላካል? ከላይ ሁለት መስመር ጨምሬበታለሁ። ‘ስለዘገየሁ ይቅርታ። አሥራ አንድ ዓመት ቁጥሩን ሳጣራ ነበር’ ብዬ።

(ሊቁ ቀስ ብሎ ይቀመጣል።)

ሊቁ፦ ለእሱስ ምን አሉ?

ጋሼ መዝገብ፦ ጥንቃቄህን አድንቀዋል።