ባፓት ሳሄብና የሱራቷ ሴትዮ

በየሰፈሩ ስለ ገንዘብህ ከአንተ በላይ የሚጨነቅልህ አንድ ሰው አይጠፋም። ደመወዝህን ሳትነግረው ያውቀዋል፤ ወርቅ ገዝተህ እንደሆነ ከሚስትህ አረማመድ ይገምታል፤ እንደምን አደርክ ስትለው የዓመቱን ወለድ ይነግርሃል። እኛ ዘንድ፣ እዚህ ፑኔ ከተማ ኮትሩድ ሰፈር፣ ይህን ወንበር የያዙት ክቡር ማዱካር ባፓት ናቸው፤ እኛ በአክብሮት ሳሄብ፣ ጌታው፣ እንላቸዋለን። እሳቸው ሦስተኛ ፎቅ፣ እኔ ሁለተኛ ፎቅ ስለሆንን ምክራቸው ሲወርድ መጀመሪያ የሚያርፈው እኔ ላይ ነው።

ሳሄብ በአንድ የኅብረት ሥራ ባንክ ብድር ክፍል ሠላሳ ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ብድር ክፍል ይባል እንጂ ሥራቸው ብድር መከልከል ነበር። "ማመልከቻህን አይተነዋል" ካሉ ሰውየው ወንበሩን ገፍቶ ይነሣል፤ የቀረውን መስማት አያስፈልገውም። ለጋሪ መግዣ ጠይቆ የተከለከለ አንድ አትክልት ሻጭ እስከ ዛሬ ቲማቲም ሲመዝንላቸው ጣቱን ሚዛኑ ላይ ጣል ያደርጋል። እሳቸውም አይተው እንዳላየ ያልፉታል።

ጡረታ በወጡ በዓመታቸው ልጃቸው ስልካቸው ላይ አንድ ነገር ጫነላቸው፤ ከዚያ ወዲህ እኛም ሰላም የለንም። ነገሩ ቀላል ነው። መሃል ላይ አንድ ኩባንያ ተቀምጧል፤ ከወዲያ ብድር የቸገረው ሰው፣ ከወዲህ ትንሽ ጥሪት ያለን ሰዎች አለን። ባንክ የሚባል የለበትም። አንዱ አርባ ሺህ ሩፒ ሲጠይቅ ሃያ ሰው ሁለት ሁለት ሺህ ያዋጣለታል፣ እሱም በየወሩ ከነወለዱ ይመልሳል። የተበዳሪው ስም አይገለጽም፤ የምናውቀው ዕድሜውን፣ ከተማውን፣ ሥራውንና ገንዘቡን ለምን እንደፈለገው ብቻ ነው።

የሳሄብ ሕግ አንዲት ናት። "ከፋፍል ማስተር፣ ከፋፍል። ለአንድ ሰው ከሁለት ሺህ እንዳታልፍ። ከሃያው አንዱ ይክድሃል፤ ይካድህ፣ አታልቅስለት። አሥራ ዘጠኙ ይክሱሃል።" ማስተር የሚሉኝ ጂኦግራፊ አስተማሪ ስለነበርኩ ነው።

መከፋፈሉ ስልኩ ላይ ቢቀር ምን ነበረበት? ማንጎ ሲገዙ ከሦስት ነጋዴ አራት አራት ነው። የግፊት ኪኒናቸውን ከአንዱ ፋርማሲ፣ የስኳሩን ከሌላው። ጃንጥላ ሦስት አላቸው፤ አንዱ ቤት፣ አንዱ ቤተ መቅደስ፣ አንዱ ሻይ ቤት ይቀመጣል፤ ዝናቡ ግን ሁልጊዜ ሦስቱም በሌሉበት መንገድ ላይ ያገኛቸዋል። አማልክቱም አልቀሩም፤ ማክሰኞ ለጋኔሻ፣ ሐሙስ ለዳታ፣ ቅዳሜ ለማሩቲ ይሰግዳሉ። ባለቤታቸው ሱላባ ታይ "ያልከፋፈለው ሚስቱን ብቻ ነው፤ እሱም የሚቀበለው አጥቶ ነው" ይላሉ።

ሰው ገንዘቡን የሚከፋፍለው እንቅልፍ እንዲወስደው ነው አይደል? የእሳቸው ግን ተገላቢጦሽ ሆነ። ገንዘባቸው ለሁለት መቶ ሰው ሲከፋፈል ሐሳባቸውም ለሁለት መቶ ተከፋፈለ። ስማቸውን ስለማያውቁ በከተማቸው ይጠሯቸዋል፦ የናግፑሩ፣ የኮቺው፣ የጃባልፑሯ ሞግዚት። አንድ ቀን ምሳ ላይ ጠርተውኝ ቴሌቪዥኑ ፓትና ጎርፍ ገባ ሲል የያዙትን ቻፓቲ አስቀመጡት።

"ፓትና ማን አልዎት?" አልኳቸው።

"አንድ ሞባይል ጠጋኝ አለኝ። ሱቁ ምድር ቤት ነው።"

"ሁለት ሺህ ሩፒ እኮ ነው ሳሄብ።"

"ገንዘቡን ማን አነሣው? ምድር ቤት ነው እያልኩህ።"

ሱላባ ታይ ሩዙን ወደ እኔ እየገፉ፣ "ድሮ ሁለት ልጆች ነበሩን፣ አሁን ሁለት መቶ ሆኑ" አሉ። "አንዳቸውም አይደውሉም።"

እሳቸውን አይተን የገባንበት የሕንፃው ሰዎችም ሰነፎች ነን፤ እውነቱን መናገር አለብኝ። ማን ታማኝ እንደሆነ መመርመሩ ስለሚያታክተን፣ ማለዳ የእግር ጉዞ ላይ "ዛሬ ለማን ሰጡ?" ብለን እንጠይቃቸውና ቤት ስንገባ እንደሳቸው እንጫናለን። ይህ ምን እንዳስከተለ የገባን ባለፈው ሰኞ ነው፤ ለሁላችንም በአንድ ጊዜ አንድ ዓይነት መልእክት ሲደርሰን።

የሱራት ከተማ ነዋሪ የሆነች፣ ሠላሳ ስድስት ዓመቷ፣ በመኪና ሳሪ የምትጠልፍ ሴት፣ የጥልፍ መኪናውን የገዛችው በእኛ ብድር ነው። ባለሦስት እግር ታክሲ ተገልብጦ ቀኝ እጇ ተሰብሯል፤ መክፈል አልቻለችም፤ ስድስት ወር እንድንታገሣት ትለምናለች። ኩባንያው አበዳሪዎቿን ይጠይቃል፦ ይጠበቅላት ወይስ ለዕዳ ሰብሳቢ ትሰጥ? እስከ ዓርብ ምሽት ድምፅ ስጡ፣ በአብላጫው ይወሰናል ይላል። ዕዳ ሰብሳቢ ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። ደጅ ላይ ቆሞ ጎረቤቱ እስኪሰማ ይጠራሃል፤ ቀን ይጠራሃል፣ ማታ ይጠራሃል። ያቺ ሴት ሸጣ የምትገላገልበት ነገር ቢኖር የጥልፍ መኪናዋ ነው። መኪናዋን ከሸጠች ደግሞ እጇ ቢድን ምን ልትሠራበት ነው?

አበዳሪዎቿ ሃያ ነን። ስንጠያየቅ አሥራ አራታችን የዚሁ ሕንፃ ሰዎች ሆነን ተገኘን።

ምድር ቤት ክሊኒክ ያላቸው የጥርስ ሐኪማችን ዶክተር ሳቴ ደረጃው ሥር ቆመው ሳቁ። "ጉድ እኮ ነው። ገንዘባችንን በመላው ህንድ ከፋፍለን፣ ሁላችንም አንድ ሰው ጭንቅላት ላይ ነው ያስቀመጥነው።"

ሳሄብ አልሳቁም። "ይጠበቅላት" አሉ።

"ከሃያው አንዱ ይክዳል፣ አታልቅሱለት ያሉን ማን ነበሩ?" አሉ ሐኪሙ።

"እሷ ያቺ አንዷ አይደለችም። ያለፉትን ሁለት ወራት ቀኑ ሳይደርስ፣ እሑድ ነው የከፈለችው። እሑድ ቢሮ ሁሉ ዝግ ነው፤ በዚያ ቀን የሚከፍል ሰው አስገዳጅ የለበትም፤ መክፈል ስለሚፈልግ ነው።"

"ይህ የባንክ ሕግ ነው?"

"ባንኩማ ባላበደራት ነበር" አሉ ሳሄብ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "እኔ ነኛ ባንኩ። ወረቀቷን አይቼ እመልሳት ነበር።"

እንግዲህ ሠላሳ ዓመት ለማኝ ከጠረጴዛ ማዶ ሲያስቀምጡ የኖሩ ሰው በየበሩ ይለምኑ ጀመር። ገብተው ሲቀመጡ ወንበሩ ጫፍ ላይ ነው፤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ያደርጋሉ፤ የቀረበላቸውን ውኃ ሳይፈቀድላቸው አያነሡም። ይህን አቀማመጥ ከማን እንደተማሩት ገብቶኛል። አራተኛ ፎቅ ያሉት ባልና ሚስት አንድ ድምፅ ለመስጠት ሁለት ጊዜ አስለመኗቸው። ዶክተር ሳቴማ የጥርስ ሕመምተኞች መሃል አስጠብቀዋቸው፣ በመጨረሻ "አፍዎን ይክፈቱ" አሏቸው። ሳሄብ የሱራቷን ጉዳይ አፋቸውን እንደከፈቱ ሊያስረዱ ሞከሩ። ከክሊኒኩ ሲወጡ የሐኪሙን ድምፅም አዲስ የጥርስ ሙሌትም ይዘው ወጡ፤ ሙሌቱን ከፍለውበታል።

እኔ ጋ ደግሞ በየምሽቱ መጡ። ሰኞ መጡ፤ "አስብበታለሁ" አልኳቸው። ማክሰኞ ባካርዋዲ የሚባለውን ቅመም የበዛበት የሻይ ቁርስ በከረጢት ይዘው መጡ፤ ሻይ አፈላሁ፣ እኔም ሕግ ሕግ ነው ብዬ ሞገትኳቸው። ረቡዕ፣ "ሰብሳቢ የላክንባት ዕለት እንቅልፍ ይወስድሃል?" ብለው ተቆጡኝ፤ እኔም ተቆጣሁ፤ ሻዩ ቀዝቅዞ እንደገና አሞቅነው። ሐሙስ ስለ ሱራት አውርተን ስንጨርስ ስለ ሞንሱን ዝናብ፣ ከዚያ ስለ ጉልበታችን ሕመም አወራን። ሱላባ ታይ ከላይ ወለሉን በመጥረጊያ እንጨት እየመቱ እስኪጠሯቸው ድረስ አልተነሡም።

ዓርብ አብረን ጠበቅን። ስልኩን በሁለታችን መሃል አስቀመጥነው። መልእክቱ ሲገባ ሳሄብ መነጽራቸውን ማግኘት አቅቷቸው እኔ አነበብኩት፦ አሥራ ሰባት ለሦስት፣ ይጠበቅላት። ሳሄብ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ስሟን እንኳ የማያውቋት ሴት ናት።

ያን ጊዜ ልቤ አላስችል አለኝ። "ሳሄብ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። እኔ ይጠበቅላት ብዬ የተጫንኩት ሰኞ ነው፤ ገና እኔን ሊለምኑ ከደረጃው ሳይወርዱ።"

እጃቸውን ከፊታቸው አወረዱ።

"ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ ይህን በር የሚያንኳኳው ወተት አምጪው ብቻ ነው። የደበቅኩዎት፣ እሺ ካልኩዎት ማክሰኞ አይመጡም ብዬ ነው።" ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።

ሳሄብ ተነሥተው በሩ ሥር ጫማቸውን በእግራቸው ይፈልጉ ጀመር። "ረቡዕ ጠዋት፣ ሃያውም አበዳሪ ድምፅ ሰጥቷል የሚል መልእክት መጥቶ ነበር" አሉ። "አንተ መልእክት አታነብም።"

"ታዲያ ረቡዕና ሐሙስ ማታ ምን ሊያደርጉ መጡ?"

አንዱን ጫማ አጥልቀው ሁለተኛውን ፈለጉ።

"ነገም እመጣለሁ" አሉ ደረጃውን እየወጡ። "የምንከራከርበትን አንተ ፈልግ።"